ለስልሶ ያርፋል፣ ጠንክሮ ይነሳል

ጫማውን አውልቆ ወለል ላይ የቆመ ሰው፣ ሌላ ሰው ጎንበስ ብሎ የእግሩን አውራ ጣት ብቻ ወደ ላይ ቀና ቢያደርግለት ያልጠበቀውን ነገር ያያል። የተነካው ጣቱ ነው፤ የሚነሳው ግን ውስጥ እግሩ ነው። ስርጉዱ ይጎላል፣ ተረከዙ በትንሹ ዘንበል ይላል፣ ቅልጥሙም ወደ ውጭ ይዞራል። ሰውየው አንድም ጡንቻ አላዘዘም። ሥራውን የሠራው ጣትን ከተረከዝ፣ ተረከዝን ከቅልጥም ጋር ያሰረው የእግር አሠራር ራሱ ነው።

ሙከራው በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው። ምክንያቱን አጥርቶ ያስረዳው ብሪታንያዊው ጆን ሂክስ ሲሆን፣ ጥናቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1954 ነበር። ሂክስ ያየው ነገር በትክክል የሚገባው ግን እርምጃው ከተረከዝ ተነስቶ አውራ ጣት ላይ እስኪያልቅ ድረስ በየተራ ሲታይ ነው።

ከቁርጭምጭሚት በታች ባለው የእግር ክፍል ውስጥ 26 አጥንቶች አሉ። የሁለቱ እግሮች ሲደመር 52 ይሆናል፤ በአንድ አዋቂ ሰው ገላ ውስጥ ካሉት 206 አጥንቶች ሩብ ያህሉ ማለት ነው። መገጣጠሚያዎቹ ከ30 ይበልጣሉ። ለመቆም ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባላስፈለገ፣ አንድ ጠንካራ አጥንት በበቃ ነበር። እግር ግን በእያንዳንዱ እርምጃ ሁለት የሚጣረሱ ሥራዎች ይጠብቁታል። መሬት ሲነካ መለስለስ አለበት፤ የገላን ክብደት መቀበል፣ ከጠጠሩም ከዳገቱም ጋር መስማማት አለበት። መሬት ሲለቅ ደግሞ መጠንከር አለበት፤ ገላን ወደፊት የሚገፋው እሱ ነውና። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሸጋገር የሚሰጠው ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ያንሳል። ጤነኛ እግር የሚታወቀው በቅርጹ ማማር ሳይሆን ይህን ሽግግር ያለ ሕመምና ያለ ሐሳብ በመፈጸሙ ነው።

የሚሄድ እግር በዓይን ለመያዝ ይፈጥናል፤ በዚህም ምክንያት እውቀቱ ዘግይቶ ነው የመጣው። ጀርመናውያኑ ወንድማማቾች ቪልሄልምና ኤድዋርድ ቬበር ስለ ሰው አካሄድ መጽሐፍ ያሳተሙት በ1836 ነው። በአየር ላይ ያለው እግር በክብደቱ ብቻ እየተወዛወዘ ወደፊት ይሄዳል፣ ጡንቻ አያስፈልገውም ብለው ነበር። ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ በላይፕሲግ ከተማ የአካል አሠራር ሊቁ ቪልሄልም ብራውነና የሒሳብ ሊቁ ኦቶ ፊሸር ይህን ለመፈተን ተነሱ። በአንድ ሰው እግርና እጅ ላይ በኤሌክትሪክ የሚበሩ የመስታወት ቱቦዎችን አስረው በጨለማ ውስጥ አስኬዱት፤ በአራት ካሜራም ቀረጹት። ሰውየው ባዶውንም፣ የወታደር ትጥቅ ተሸክሞም ተራመደ። ሒሳቡ በእጅ ተሠርቶ እስኪያልቅ ዓመታት ፈጀ። ውጤቱ የቬበር ወንድማማቾችን ሐሳብ ጣለው፤ በአየር ላይ ያለው እግርም በጡንቻ ይመራል።

የዛሬዎቹ ቤተ ሙከራዎች እግር የሚያርፍበትን ኃይል የሚለካ ሰሌዳ ወለል ውስጥ ቀብረው፣ በብዙ ካሜራ እያጀቡ አንድን እርምጃ በሺህኛ ሰከንድ ይቆራርጡታል። በተለመደው ፍጥነት አንድ ተረከዝ መሬት ከነካበት ቅጽበት ተመልሶ እስኪነካ አንድ ሰከንድ ያህል ይወስዳል። ከዚህ ውስጥ 60 በመቶውን እግሩ መሬት ላይ፣ 40 በመቶውን አየር ላይ ያሳልፋል። ሁለቱም እግሮች አንድ ላይ መሬት የሚነኩባቸው ሁለት አጫጭር ጊዜያትም አሉ። መራመድን ከሩጫ የሚለየው ይህ ነው፤ የሚሮጥ ሰው ሁለቱም እግሮቹ በአንድ ጊዜ መሬት ላይ አይገኙም።

እርምጃው በተረከዝ ይጀምራል። እግሩ ሲያርፍ ጣቶቹ ቀና ብለው፣ ውስጥ እግሩ ከቅልጥሙ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርቶ ነው። ቀድሞ የሚነካው የተረከዙ መሃል ሳይሆን በትንሹ ወደ ውጭ ያለው ጠርዝ ነው። የጫማ ታኮ ከኋላ በውጭ በኩል ቀድሞ የሚበላውም ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ይህን አይቶ አረማመዱ የተበላሸ ይመስለዋል። አልተበላሸም፤ የጤነኛ ሰው ጫማ እንዲሁ ነው የሚያልቀው።

ከተረከዝ አጥንት ሥር ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ስብ አለ። ይህ ስብ እንደ ሆድ ስብ የላላ አይደለም። ከቆዳ ተነስተው አጥንት ላይ በሚጣበቁ ጠንካራ ክሮች በትንንሽ ክፍሎች ተከፋፍሎ የታሸገ ስለሆነ፣ ክብደት ሲያርፍበት ወደ ጎን አይሸሽም፤ ተጨምቆ ግጭቱን ይውጣል፣ እግሩ ሲነሳም ወደ ቦታው ይመለሳል። ሰው ሲያረጅ ወይም ተረከዝ ውስጥ ስቴሮይድ በተደጋጋሚ ሲወጋ ይህ ስብ ሊሳሳ ይችላል፤ ያኔ ጠንካራ ወለል ላይ መራመድ የሚያስከትለው ሕመም ያልደረሰበት ሰው የሚገምተው አይደለም።

ተረከዙ ካረፈ በኋላ የእግሩ የፊት ክፍል ወዲያው ወለሉን መምታት ነበረበት። የማይመታው በቅልጥም ፊት ለፊት ያለ አንድ ጡንቻ፣ ቲቢያሊስ አንቴሪየር፣ እግሩን እየያዘ ቀስ ብሎ ስለሚያወርደው ነው። ሥራው ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ የሚታወቀው ሲጠፋ ነው። ከጉልበት በታች በጎን በኩል የሚያልፈው ነርቭ የተጎዳበት ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ የእግሩ የፊት ክፍል ወለሉን ጧ ሲያደርግ ይሰማል። ሐኪም በሽተኛው ገና በር ላይ ሳለ ከኮቴው ድምፅ ብቻ ሊጠረጥር የሚችለው ጉዳት ነው።

በዚህ ጊዜ ክብደቱ በሙሉ እየመጣ ነው። ጤነኛ አረማመድ ላይ መሬት እግርን መልሶ የሚገፋበት ኃይል ከገላ ክብደት ከ10 እስከ 20 በመቶ ይበልጣል፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ እግሩ ለቅጽበት 70 ኪሎ ያህል ይሸከማል። እግር ይህን የሚቀበለው በመለስለስ ነው።

ልስላሴው የሚመጣው ታለስ ከሚባለው አጥንት ዙሪያ ነው። ታለስ ከላይ በቅልጥም አጥንቶች፣ ከታች በተረከዝ አጥንት፣ ከፊት በመሃል እግር አጥንት ተከቦ የተቀመጠ ነው። በላዩ ላይ አንድም ጡንቻ አልተያያዘም። በራሱ ሊንቀሳቀስ አይችልም፤ ጎረቤቶቹ ሲገፉት ብቻ ይንቀሳቀሳል። ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚገናኝበት መገጣጠሚያ ደግሞ ቀጥ ያለም አግድምም ሳይሆን ሰያፍ ዘንግ አለው። በዚህ ሰያፍነት የተነሳ፣ ተረከዙ ሲጋደም ቅልጥሙ አብሮ ይዞራል። ክብደት በውጭው ጠርዝ ባረፈው ተረከዝ ላይ ሲመጣ ተረከዙ ወደ ውስጥ በኩል ይተኛል፣ ታለስ ዝቅ ብሎ ወደ ውስጥ ይንሸራተታል፣ ቅስት የሚባለው የውስጥ እግር ስርጉድ ይረግባል፣ ቅልጥሙም ወደ ውስጥ ይዞራል። ጉልበቱም በትንሹ ይታጠፋል። ይህ ሁሉ አንድ እንቅስቃሴ ነው፤ ስሙ ፕሮኔሽን ይባላል።

ፕሮኔሽን ክፉ ስም ያተረፈ ጤነኛ እንቅስቃሴ ነው። ባለፉት አሥርተ ዓመታት የስፖርት ጫማ ንግድ ቃሉን የበሽታ ስም አስመስሎታል፤ እሱን እናስቆማለን የሚሉ ጫማዎችም በብዛት ተሽጠዋል። መጠኑ ሲበዛ ወይም ሳይመለስ ሲቀር ችግር ሊሆን ይችላል። እንቅስቃሴው ራሱ ግን ባይኖር እግር ያልተስተካከለ መሬት ላይ ሊተኛ አይችልም፤ ግጭቱም ሳይቀንስ ወደ ጉልበትና ወደ ዳሌ ይወጣል። በኮረኮንች መንገድ ላይ ሳይወድቅ የሚሄድ ሰው በፕሮኔሽን ነው የሚሄደው።

ከዚያ ገላው በእግሩ ላይ ያልፋል። እግሩ በሙሉ መሬት ላይ ተኝቶ፣ ቅልጥሙ ቁርጭምጭሚቱ ላይ እየተንከባለለ ወደፊት ያዘነብላል። ካሊፎርኒያ በሚገኘው ራንቾ ሎስ አሚጎስ ሆስፒታል የፖሊዮ በሽተኞችን ስታክም የኖረችው ሐኪም ጃክሊን ፔሪ የሰውን እርምጃ በሦስት መንከባለያዎች ከፍላ አስረድታለች፦ መጀመሪያ በተረከዝ፣ ቀጥሎ በቁርጭምጭሚት፣ በመጨረሻ በጣቶቹ ሥር። ክፍፍሏ እስከ ዛሬ በመላው ዓለም የፊዚዮቴራፒ ተማሪዎች የሚማሩት ነው። የፔሪ ትምህርት ትልቁ ጥቅም መራመድ በየቅጽበቱ የሚያቋርጥ ሳይሆን አንዱ መንከባለያ ለሌላው የሚያቀብለው መሆኑን ማሳየቱ ነው። አንዱ ከተዘጋ ሌላ ቦታ ይከፈላል፤ ቁርጭምጭሚቱ የደረቀ ሰው ተረከዙን ቀድሞ ያነሳል ወይም ጉልበቱን ወደ ኋላ ይገፋዋል።

በዚህ መካከለኛ ጊዜ ገላው በከፍታው ጫፍ ላይ ነው። በሰሌዳው ላይ የሚለካው ኃይል ከገላ ክብደት በታች ይወርዳል። ገላ ወደ ላይ ሲወጣ ፍጥነቱን ያስቀምጣል፣ ሲወርድ መልሶ ያገኘዋል፤ በተለመደው ፍጥነት ከሚለዋወጠው ኃይል ከግማሽ በላይ የሚተርፈው በዚህ መንገድ ነው። ሰው ጉልበቱ ሳያልቅበት ቀኑን ሙሉ ሊሄድ የሚችልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ባት ውስጥ ያለው ሥራ ደግሞ ከውጭ አይታይም። ቅልጥሙ ወደፊት ሲያዘነብል የባት ጡንቻ ይይዘዋል፤ የሚይዘው በአኪለስ ጅማት በኩል ነው። ይህ ጅማት በሰው ገላ ውስጥ ካሉት ጅማቶች ሁሉ ወፍራሙና ጠንካራው ነው። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በ2001 ባሳተሙት ጥናት የሚራመዱ ሰዎችን ባት በአልትራሳውንድ ሲያዩ፣ በዚህ ጊዜ የጡንቻው ክሮች ርዝመታቸው ብዙም እንደማይለወጥ አገኙ። የሚለጠጠው ጅማቱ ነው። ጡንቻው ጸንቶ ይይዛል፣ ጅማቱ ቀስ እያለ እየተለጠጠ ኃይል ያጠራቅማል። ያጠራቀመውንም በእርምጃው መጨረሻ በአንድ ጊዜ ይለቀዋል።

አሁን ተረከዙ ከመሬት ይነሳል። የሂክስ ተራ ደርሷል።

ከተረከዝ አጥንት ሥር ተነስቶ በውስጥ እግር በኩል አልፎ የአምስቱም ጣቶች ሥር ላይ የሚያያዝ ሰፊና ጠንካራ የጅማት ንጣፍ አለ፤ ፕላንታር ፋሻ ይባላል። የማይለጠጥ ያህል ጠንካራ ነው። ተረከዙ ሲነሳ ጣቶቹ መሬት ላይ ስለሚቀሩ ከሥራቸው ይታጠፋሉ፤ አውራ ጣት 40 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይታጠፋል። ጣቶቹ ሲታጠፉ ንጣፉ በአጥንቱ ራስ ዙሪያ ይጠመጠማል፣ ከጉድጓድ ውሃ የሚያወጣ ሰው መዘውሩን ሲያዞር ገመዱ በእንጨቱ ላይ እንደሚጠመጠም። ገመዱ ሲያጥር ባልዲው እንደሚወጣ ሁሉ፣ የንጣፉ ርዝመት ሲያጥር ተረከዝና የጣቶች ሥር ይቀራረባሉ፤ በመካከላቸው ያለው ቅስትም ከፍ ይላል። ሂክስ ለዚህ አሠራር የሰጠው ስም ራሱ ከዚህ መሣሪያ የተወሰደ ነው። የአውራ ጣት ድርሻ ትልቅ የሆነው የአጥንቱ ራስ ከሌሎቹ ስለሚወፍር ብዙ ገመድ ስለሚጠመጥም ነው።

ቅስቱ ሲነሳ የቀድሞው ሰንሰለት ወደ ኋላ ይመለሳል። ተረከዙ ይቀናል፣ ታለስ ወደ ቦታው ይወጣል፣ ቅልጥሙ ወደ ውጭ ይዞራል። ከጥቂት ቅጽበት በፊት ልስልስ የነበረው እግር አሁን ገፍቶ የሚያስነሳ ሆኗል። አሜሪካዊው ኸርበርት ኤልፍትማን በ1960 እንደጻፈው፣ በመሃል እግር ያሉት ሁለት ጎን ለጎን መገጣጠሚያዎች ዘንጎቻቸው ትይዩ ሲሆኑ በነፃነት ይንቀሳቀሳሉ፤ ተረከዙ ሲቀና ግን ዘንጎቹ ይተላለፉና እንቅስቃሴው ይያዛል። ለብዙ ዓመታት የሕክምና ተማሪዎች እግርን የተማሩት በዚህ መልክ ነው፤ ሲያርፍ የተከፈተ፣ ሲነሳ የተቆለፈ።

እውነቱ ግን ከዚህ የበለጠ ሀብታም ሆኖ ተገኘ። በስዊድን ፈቃደኛ ሰዎች በእግራቸው አጥንቶች ውስጥ ቀጫጭን ብረቶች በማደንዘዣ ገብተውላቸው ተራመዱ፤ በ2008 የታተመው ይህ ልኬት የመሃል እግር አጥንቶች ከሚታሰበው በላይ እንደሚንቀሳቀሱ፣ ከሰው ሰውም ብዙ እንደሚለያዩ አሳየ። አንድም ቦታ ላይ ጨርሶ የሚቆለፍ ነገር የለም። በ2018 በካናዳ ሎረን ዌልቲና ባልደረቦቿ ደግሞ ጣቶች ሲታጠፉ ቅስቱ ከፍ ቢልም ክብደት ሲጫነው ይበልጥ እንደሚለጠጥ አገኙ፤ የሂክስ መዘውር እግርን እንደ ሳንቃ አያደርቀውም ማለት ነው። ትንንሾቹ የውስጥ እግር ጡንቻዎችም ቀድሞ ከተሰጣቸው ግምት በላይ ቅስቱን እንደሚይዙ ታውቋል። በ2020 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ከእግሩ ርዝመት ይልቅ በእግሩ ወርድ የሚሄደው ሁለተኛው ቅስት ከእግር ጥንካሬ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነውን እንደሚሰጥ አስልቷል። ስለዚህ ጥንካሬው የአንድ ጅማት ወይም የአንድ መገጣጠሚያ ሥራ አይደለም፤ ብዙ ነገር ተደራርቦ የሚሰጠው ነው። ለስላሳነቱም እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት ጨርሶ አይጠፋም።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ክብደቱ በውስጥ እግር ላይ መንገድ እያበጀ ይሄዳል። ከተረከዙ ውጭኛ ጠርዝ ይነሳል፣ በውጭው ጎን በኩል ወደፊት ያልፋል፣ ጣቶቹ ሥር ሲደርስ ወደ ውስጥ ይሻገራል፣ በአውራ ጣትና በሁለተኛው ጣት በኩል መሬቱን ይለቃል። እርጥብ አሸዋ ላይ የሄደ ሰው ዱካ ላይ የተረከዙና የአውራ ጣቱ ቦታ የሚጎደጉደው ለዚህ ነው።

ከዚያ የአኪለስ ጅማት ያጠራቀመውን ይለቃል። ቁርጭምጭሚቱ ወደ ታች ይዘረጋል፤ በመላው እርምጃ ውስጥ ከየትኛውም መገጣጠሚያ የሚወጣው ትልቁ የግፊት ኃይል ይህ ነው። የሰሌዳው ልኬትም ለሁለተኛ ጊዜ ከገላ ክብደት በላይ ይወጣል። ሌላኛው እግር በዚህ ጊዜ በተረከዙ ስላረፈ ክብደቱ ሳይወድቅ ይሻገራል።

አየር ላይ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ አደጋ ግን የሚሸመቀው እዚያ ነው። እግሩ ወደፊት ሲያልፍ ጣቶቹ ከመሬት የሚርቁት በአማካይ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ያ የቅልጥም ፊት ጡንቻ እንደገና ተነስቶ እግሩን ቀና ያደርገዋል። ይህ ጡንቻ ሲደክም፣ ወይም ዳሌና ጉልበት በሚፈለገው መጠን ሳይታጠፉ ሲቀሩ የምንጣፍ ጠርዝ ይበቃል። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ቤት ውስጥ በጠፍጣፋ ወለል ላይ የሚደናቀፉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ቤታቸው ውስጥ የተነጠፈውን ምንጣፍ ጠርዝ ማስተካከል ለልጆቻቸው ትንሽ ሥራ፣ ለእነሱ ግን ትልቅ ጥበቃ ነው።

እግር ገፊና ተሸካሚ ብቻ ሳይሆን ጠቋሚም ነው። የውስጥ እግር ቆዳ ግፊትን፣ መንሸራተትንና መንቀጥቀጥን የሚለዩ የነርቭ ጫፎች አሉት፤ ሰውነት ሚዛኑን የሚጠብቀው ከዓይንና ከጆሮ ውስጥ ከሚመጣው መልእክት በተጨማሪ በእነዚህ ነው። ስኳር በሽታ ነርቮቹን ሲያደነዝዝ ሰው መሬቱን እየረገጠ የማይረግጥ ይመስለዋል፤ ቁስልም ሳይሰማው ይሰፋል። በሌላ በኩል የደነደነ ቆዳ የሚያደነዝዝ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። በ2019 የሃርቫርዱ ዳንኤል ሊበርማንና ባልደረቦቹ በኬንያ በባዶ እግር የሚሄዱና ጫማ የሚያደርጉ ሰዎችን አነጻጽረው፣ የእግራቸው ቆዳ የወፈረ ሰዎች የሚሰማቸው ነገር እንዳልቀነሰ አረጋግጠዋል። ቆዳው ይጠብቃል፤ መልእክቱን ግን አያግድም።

የሰው እግር እንዲህ መሆን የጀመረው መቼ ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሚሰጡት የምድር ክፍሎች ቀዳሚው አፋር ነው። በመካከለኛው አዋሽ አራሚስ የተገኘችው አርዲ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላት። የአጽሟን የመጀመሪያ ቁራጭ፣ የእጅ አጥንት፣ በ1994 ያገኘው ኢትዮጵያዊው ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ነው። ሙሉ ጥናቱ በ2009 ሲታተም ዓለምን ያስገረመው እግሯ ነበር። አርዲ ቀጥ ብላ ትሄድ ነበር፤ አውራ ጣቷ ግን ከሌሎቹ ተለይቶ ወደ ጎን የወጣ፣ ቅርንጫፍ የሚጨብጥ ነው። በአውራ ጣቷ መሬትን ገፍታ መነሳት አትችልም ነበር።

ከእሷ በኋላ አንድ ሚሊዮን ዓመት ያህል ቆይቶ ሁኔታው ተለውጧል። ከድንቅነሽ እግር የተገኙት አጥንቶች ጥቂት ስለሆኑ በእሷ ብቻ መፍረድ አይቻልም ነበር። በሐዳር ከዝርያዋ የተገኘ አንድ አጥንት፣ ከአራተኛው ጣት ሥር የሚገኘው፣ በ2011 ሳይንስ መጽሔት ላይ ሲቀርብ ክርክሩን ወደፊት ገፋው። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው ይህ አጥንት ግንዱ የተጠማዘዘ፣ ጫፎቹም ከመሬት አንግል ሠርተው የተነሱ ናቸው። ተመራማሪዎቹ ከዚህ ተነስተው የድንቅነሽ ወገኖች በርዝመትም በወርድም ቅስት ነበራቸው ብለዋል። ከዚህ የሚቀድሙ ዱካዎች ደግሞ በታንዛኒያ ላኤቶሊ በሜሪ ሊኪ ቡድን በ1978 ተገኝተዋል። ከ3.66 ሚሊዮን ዓመት በፊት እሳተ ገሞራ በተፋው አመድ ላይ የታተሙት እነዚያ ዱካዎች ጥልቅ የተረከዝ አሻራና ከሌሎቹ ጣቶች ጎን የተሰለፈ አውራ ጣት ያሳያሉ።

ታሪኩ ግን ቀጥ ባለ መስመር አልሄደም። በ2009 ከሐዳር ብዙም ሳይርቅ ወራንሶ ሚሌ በሚባል ቦታ፣ ቡርተሌ ላይ፣ የዮሐንስ ኃይለሥላሴ ቡድን የአንድ ቀኝ እግር የፊት ክፍል አጥንቶችን አገኘ። ዕድሜው 3.4 ሚሊዮን ዓመት ነው፤ አውራ ጣቱ ግን እንደ አርዲ ጨባጭ ነበር። የድንቅነሽ ዝርያ በአካባቢው በነበረበት ዘመን ሌላ ዓይነት እግር ይዞ የሚሄድ ፍጡርም እዚያው አፋር ውስጥ ይኖር ነበር ማለት ነው። ከሁለቱ እስከ ዛሬ የቀረው በአውራ ጣቱ ገፍቶ የሚነሳው ነው።

ይህ ሁሉ እውቀት አንድ የዕለት ተዕለት ጭንቀትን ያቃልላል። ብዙ ወላጆች የልጃቸው ውስጥ እግር ስርጉድ አልባ ሆኖ ሲያዩ ይደነግጣሉ፤ ጠፍጣፋ እግር ነው ተብለው ውድ የጫማ ውስጥ ማስተካከያ የገዙም አሉ። ሕፃናት ሁሉ ሲወለዱ ውስጥ እግራቸው በስብ የተሞላ ነው፤ ጅማቶቻቸውም የላሉ ናቸው። ቅስቱ የሚወጣው በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ነው። በአዋቂዎችም ቢሆን ዝቅተኛ ቅስት በራሱ በሽታ አይደለም። የካናዳ ጦር ከ3,600 በላይ ወታደሮችን እግር አስመርምሮ ነበር፤ ሐኪሞቹ ሃሪስና ቢዝ በ1947 ባወጡት ዘገባ፣ ቅስታቸው ዝቅ ያለ ሆኖ እግራቸው የሚለሰልስ አብዛኞቹ ወታደሮች ያለ ችግር እንደሚያገለግሉ ገልጸዋል። የሚቸገሩት የአኪለስ ጅማታቸው ያጠረ ወይም የእግራቸው አጥንቶች በተፈጥሮ እርስ በርስ የተጣበቁ ናቸው። ልዩነቱ ያለው በቅርጹ ላይ ሳይሆን በእንቅስቃሴው ላይ ነው።

ከጫማ ጋር ያለው ጉዳይም እንዲሁ። በሕንድ 2,300 ልጆች የታዩበትና በ1992 የታተመ ጥናት ጫማ ከሚያደርጉት 8.6 በመቶ፣ ከማያደርጉት ደግሞ 2.8 በመቶ ጠፍጣፋ እግር ማየቱን ዘግቧል፤ ጣትን የሚያጨናንቅ ዝግ ጫማ ነገሩን እንደሚያብስም ጠቁሟል። ይህ ማለት ልጆች በባዶ እግር ይሂዱ ማለት አይደለም። በኢትዮጵያ ደጋማ ቀይ አፈር አካባቢዎች ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለውን፣ እግርን የሚያሳብጥ የዝሆኔ ዓይነት በሽታ ያመጣል፤ መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ ነው። ልጅ ጫማ ያስፈልገዋል፤ የሚያስፈልገው ግን ጣቶቹ የሚዘረጉበት፣ ከፊቱ የሚታጠፍ፣ ተረከዙን የሚይዝ ጫማ ነው። ሶሉ በእጅ የማይታጠፍ ጫማ አውራ ጣቱንም አያሳጥፈውም።

ወላጆች የልጃቸውን እግር መፈተን ከፈለጉ ልጁ ጫማውን አውልቆ በጣቶቹ ጫፍ እንዲቆም ያድርጉት። ቅስቱ ከወጣ፣ ተረከዙም ከቀና፣ ልጁም ሲሮጥና ሲጫወት ሕመም ከሌለው እግሩ ጤነኛ ነው፤ ማስተካከያ መግዛት አያስፈልግም። በጣቶቹ ጫፍ ቆሞም ቅስቱ የማይወጣ፣ እግሩ ደርቆ የማይታጠፍ፣ የሚያመው፣ ወይም አንዱ እግር ከሌላው የተለየ ከሆነ ግን የአጥንት ሐኪም ሊያየው ይገባል። አዋቂ ሰውም ቅስት የነበረው እግሩ በድንገት ወይም በወራት ውስጥ ከረገበ፣ በተለይ በቁርጭምጭሚቱ ውስጠኛ ጎን ሕመም ካለው፣ ቅስቱን የሚይዘው ጅማት ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ መመርመር አለበት።